ስለ አንድ ሹፌር ማጅራትና ስለ ታሸገው ፀጉር ቤት

ለተከበሩ የጤና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎና ወንበርዎ ሁሉም በያሉበት ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከገበያው ጀርባ ሃያ ሁለት ዓመት ፀጉር ያስተካከልኩ፣ በቅርቡም ቤቴን አሽገው ያሳረፉኝ ሰው ነኝ። ለእረፍቱ ሳላመሰግን ብቀር ነውር ስለሚሆንብኝ ይህን በአደባባይ ጽፌአለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቀስ ብሎ ስለሚነዳ ሰፈሩ «ዝግታ» የሚለው የታክሲ ሹፌር ደንበኛዬ ነው። ስኳር እንዳለበት ከተነገረው ሰባት ዓመቱ ሲሆን፣ ጤና ጣቢያችሁ ያለውን የክትትል ቀጠሮ አንድም ወር አዛንፎ አያውቅም። ማጅራቱ ላይ እባጭ ወጣበት፤ ዳነ ሲባል ሌላ ተተካ፣ ከዚያ ሦስት ባንድነት መጡ። እርሱም እኔም የጠረጠርነው ምላጬን ነበር። አዲስ ምላጭ ዓይኑ እያየ ከፈትኩለት፣ በአልኮል አሸሁለት፤ እባጩ ግን አልሰማንም። በመጨረሻ «የመረዝከኝ አንተ ነህ» ብሎኝ እናንተ ዘንድ ሄዶ ከሰሰኝ።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን በትሕትና ላቅርብ፦

፩. ተቆጣጣሪዎ በማግስቱ መጥተው በሬን ስላሸጉ ቅልጥፍናዎን አደንቃለሁ። «ስኳር ቆዳን ለቁስል ያጋልጣል፤ እባጭ ከተደጋገመብህ ቶሎ ና» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ለዚያ ሰው ለማድረስ ሰባት ዓመት ያልተገኘ እግር፣ እኔ ዘንድ ለመድረስ አንድ ቀን በቃው።

፪. አቤት ልል ስመጣ ከዕቃ ክፍሉ ፊት ለፊት ሦስት ሰዓት ስላስጠበቁኝም አመሰግናለሁ። ባልጠብቅ ኖሮ «የስኳር ሕሙማንና ቆዳቸው» የሚለው ፖስተር በጥቅል እንደ ታሰረ፣ እግሩ የተሰበረ ጠረጴዛ ደግፎ ሲያገለግል አላይም ነበር። ጎንበስ ብዬ የላይኛውን ገለጥ አድርጌ አነበብኩት። የሚደጋገም እባጭ፣ በእግር ጣቶች መሐል የሚያሳክክ ፈንገስ፣ አልድን ያለ ጭረት፣ የጠቆረ ማጅራት፣ ሁሉም በሥዕል አለ። የታተመበትም ዓመት ዝግታ ስኳር አለብህ የተባለበት ዓመት ነው። ለመስታወቴ አንድ ብለምን ጸሐፊዎ «አባቴ፣ እርስዎ ፀጉር ይቁረጡ፣ ትምህርቱን ለባለሙያ ይተዉት» አሉኝ።

፫. ይህኛውን በትሕትና መጻፍ አቅቶኛል። ቤቴ እንደ ታሸገ እባጮቹ ተያይዘው አንድ ሆኑ፣ ሰውዬውንም ትኩሳት ጣለው። ሆስፒታል ማጅራቱን ቀደው የሞተውን ሥጋ አወጡለት። ሐኪሙ ለሚስቱ «ከሁለት ሳምንት በፊት ብትመጡ በክኒን ይድን ነበር» አሏት። እርሷም «ማን ነግሮን?» አለች። ነፍሱ ተረፈች፤ ጠባሳው ግን አንገቱን ጨምድዶ ያዘው። ዞሮ ኋላውን ማየት የማይችል ሰው መኪና አይነዳም። ዛሬ ታክሲውን የሚስቱ ወንድም ይዞታል፣ ዝግታ ራሱ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ አብሮ ይዞራል።

እርስዎ በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ምላጩ ንጹሕ ነው» የሚል ወረቀት ልከው በሬን አስከፈቱልኝ፤ ይቅርታ የሚል ቃል ግን አልነበረበትም። ይቅርታ የጠየቀኝ ዝግታ ነው። ከሆስፒታል እንደ ወጣ መጥቶ ወንበሬ ላይ ተቀመጠና በመስታወቱ እያየኝ «ስምህን አጠፋሁ፣ ወንድሜ» አለኝ። ጠባሳውን ሳልነካ በመቀስ ብቻ አስተካከልኩትና ሸኘሁት። ከዚያ በሩን ዘግቼ ብቻዬን አለቀስኩ።

ካሳ አልጠይቅም። የፖስተሩን ጥቅል ፈትተው በየጤና ጣቢያው፣ በየታክሲው ፌርማታና በየፀጉር ቤቱ ይለጥፉልን። ስለ ጠረጴዛው አይጨነቁ፤ ጎረቤቴ አናጺ ነው፣ በነፃ ይሠራልዎታል።

ትእዛዝዎን በራሱ በር ላይ ያነበበ፣ ምክርዎን ግን ከጠረጴዛ ሥር ያገኘ፣
አክባሪዎ የገበያው ጀርባ ፀጉር አስተካካይ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ ጥያቄ ሳይጀመር ጀርባዎን ሰጥተውን ሲወጡ፣ ከኮሌታዎ በላይ ያለው ቆዳ እንደ ጥላሸት ጠቁሮና ወፈር ብሎ አየሁት። እድፍ እንዳይመስልዎ፣ በሳሙና አይለቅም፤ አንዳንዴ ስኳር ሲመጣ አስቀድሞ የሚልከው ምልክት ነውና ሄደው ይለኩ። ያየሁት ትናንት ነው፤ የነገርኩዎት ዛሬ።