ስሜን በምስጢር ስለያዛችሁልኝ

ለተከበራችሁ የአረጋውያን ጥቃት ሪፖርት ተቀባይ ክፍል ኃላፊዎች፤

ለመሆኑ ጤናችሁ እንዴት ነው? የስልክ መስመራችሁስ ደኅና ከረመ? እኔ፣ ያየሁትን ጥቃት እንዳሳውቅ ሕግ የሚያስገድደኝ የቤት ለቤት አስታማሚ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከዚህ በታች ያሉትን ስሞች ቀይሬያለሁ።

፩. ባለፈው መስከረም፣ ዌስት ሴንት ፖል ከተማ ውስጥ ሁለት ዓመት ያስታመምኳቸው እማማ የሺሀረግ፣ የልብ መድኃኒታቸው ካለቀ ሦስት ሳምንት እንደሆነው ደረስኩበት። እግራቸው አብጧል፤ ፍሪጃቸው ባዶ ነው፤ የባንክ ካርዳቸው በልጃቸው በአሳምነው ኪስ ውስጥ ነው። እጄን ይዘው፣ «ተቸግሮ ነው፣ ይመልሰዋል። አደራሽን፣ ለማንም እንዳትናገሪ» አሉኝ። መኪናዬ ውስጥ ተቀምጬ አልቅሼ ሲወጣልኝ ደወልኩላችሁ። ስሜ በምስጢር እንደሚያዝ ስላረጋገጣችሁልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። እዚያ ቤት የምንገባው ልጃቸውና እኔ ብቻ ስለሆንን፣ አሳምነው ማን እንደደወለ ለማወቅ አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀበትም።

፪. መርማሪያችሁ መምጣቷን የሰማሁት ከእማማ ነው። «ልጄን ለመንግሥት አሳልፈሽ ሰጠሽብኝ? ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጪ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ድርጅቴም ሌላ ሠራተኛ መደበላቸው። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ «እናትና ልጅ ያለያየች» ተብዬ፣ ከቅዳሴ በኋላ ግራና ቀኜ ያሉት ወንበሮች ባዶ ናቸው። እንዲህ ተዝናንቼ እንድቀመጥ ስላደረጋችሁኝ ባለውለታዬ ናችሁ።

፫. ሪፖርቴ መድረሱን የሚገልጽ ያማረ ደብዳቤ ልካችሁልኛል። መጨረሻውን ስጠይቅ ግን ትሑቷ ሠራተኛችሁ፣ የግል መረጃ ስለሆነ ሊነገረኝ እንደማይችል አስረዳችኝ። ለእናንተ አለመናገር ያስቀጣኛል፤ ከእናንተ መስማት ደግሞ ክልክል ነው። የነገረችኝ በእኔ ቦታ የተመደበችው ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት ሮበርት ስትሪት ላይ ባለ ሱቅ ውስጥ አግኝታኝ፣ ግራ ቀኝ አይታ፣ «መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ፤ እብጠቱም ጎድሏል። ገንዘባቸውን አሁን ሌላ ሰው ነው የሚይዝላቸው» አለችኝ። ልጃቸውስ ብዬ ጠየቅኋት። «ቀረ። ቀኑን ሙሉ በሩን ያያሉ።» የያዝኩትን ቅርጫት እዚያው አስቀምጬ ወጣሁ። ደስታ ይሁን ሐዘን እስካሁን አልለየሁትም። እንዲህ ያለ ነገር ባይ ግን ዛሬም እደውላለሁ።

ሕጉን በፍጹም ታዛዥነት የፈጸመች፣ ውጤቱን እንዳታውቅም በጥንቃቄ የተጠበቀች፣ አክባሪያችሁ
ሶሲ ተካ፣ ከሜፕልዉድ

ተጨማሪ፦ ሪፖርት ያላደረገ ሰው የሚደርስበትን ቅጣት በሥልጠናው ላይ በሚገባ አስተምራችሁናል። ያደረገ ሰው የሚደርስበትን የሚያስተምር ካስፈለጋችሁ፣ እሑድ እሑድ ሥራ የለኝም፤ የሚጠብቀኝም ሰው የለም።