ፍሪጅ የማይገባ ጠርሙስ

ውድ አባቴ፣

ቆፋሪው ማሽን በወሩ መጨረሻ ይመጣል ካልከኝ ወዲህ እንቅልፌ ተቆራርጧል። በስልክ ስናወራ የሁለታችንም ድምፅ ከፍ እያለ፣ ሐሳባችን ሳያልቅ እንለያያለን። ስለዚህ በልጅነቴ ሳንባዬን ታምሜ ከአራተኛ ክፍል በላይ ያልዘለቀው ትምህርቴ የፈቀደልኝን ያህል ልጽፍልህ ወሰንኩ።

ደንበኛህ ማንጎ ማንጎ የሚሸተውን አዲሱን የቢራ ጌሾ እንጂ ፈግል የሚባለውን የእኛን የድሮ ጌሾ እንደማይገዛ ነግረኸኛል። አያቴ እንግሊዝ፣ ኬንት ካለው ቤታችን ጀርባ የተከለውን የመጨረሻውን የፈግል ረድፍ ከነሥሩ ልታስነቅለው ነው። "አንተ ልጅ፣ ማንም ለማይሸተው ነገር ዕድሜዬን ልጨርስ?" አልከኝ። በመከር የላክህልኝን ደረቅ ፈግል እዚህ ሰሜን ኖርዌይ፣ የዓሣ ፋብሪካው ሠራተኞች በምናድርበት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የጠመቅሁት ለዚህ ጥያቄህ መልስ ፍለጋ ነው።

እስኪብላላ ድረስ መቀመጥ አልሆነልኝም። ከሥራ በገባሁ ቁጥር በርሜሉን እየዳሰስኩ ክዳኑን ልክፈት አልክፈት እያልኩ ከራሴ ጋር ስሟገት ሰነበትኩ። አዲሱን ጌሾ ገዝቼ ልጨምርበትም ቃጥቶኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ በጠርሙስ ሞልቼ ያቀዘቀዝኩትን ቢራ ከፍሪጅ አውጥቼ ቀዳሁ። አብሮኝ የሚያድረው ትሮንድ ጎንጨት አለና ብርጭቆውን ወደ መብራቱ አነሣ።

"አልቢ፣ ይሄ ብርጭቆ ያለቀለቅክበት ውሃ ነው እንዴ?"

"ተወው እንጂ፣ ልጁን አታሸማቅቀው" አለች የፈረቃ አለቃችን ራግንሂልድ። እሷም ግን አንዴ ብቻ ቀመስ አድርጋ ብርጭቆዋን ምድጃው አጠገብ አስቀምጣ ልጇን ልታናግር ስልኳን ይዛ ወጣች። እኔ ዕቃ ማጠብ ጀመርኩ። የቆፋሪው ማሽን ድምፅ ከወዲሁ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

ቆይታ ተመለሰችና ቀመሰችው። ደግማ አሸተተችው።

"የታጨደ ሣር… ደግሞ እንደ ሻይ ቅጠል ያለ ነገር። ቅድም የት ሄዶ ነው ይሄ?"

ትሮንድ ከብርጭቆዋ ቀመሰ። "ካልሞቀው አያወራም ማለት ነው" አለ። "ልክ እንደ አልቢ። ምድጃ አጠገብ ካላስቀመጥሽው ቃል አይወጣውም።"

ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

አባቴ፣ እዚህ ቢራ ሁሉ እንደ በረዶ ቀዝቅዞ ስለሚጠጣ፣ ቅዝቃዜ የፈግልን ጣዕም እንደሚደብቅ እኔም ረስቼው ኖሯል። አያቴ በርሜሉን ምድር ቤት ያስቀምጥ ነበር እንጂ እንዲህ አቀዝቅዞት አያውቅም። አንተም እናቴ ካረፈች ወዲህ ከፍሪጅ እያወጣህ ነው የምትጠጣው። ባለፈው የገና በዓል "ፈግል ድሮም ጣዕም አልነበረውም" ስትል ብርጭቆህን ከቅዝቃዜው የተነሣ ላብ አልብሶት ነበር። ያን ጊዜ አላስተዋልኩትም።

ሁለት ሰው ስለወደደው ደንበኛህ ይገዛዋል ማለት እንዳልሆነ ይገባኛል። ረድፉን ላለመንካት ቃል ግባልኝም አልልህም። ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ጠርሙስ ልኬልሃለሁ፤ እባክህ ፍሪጅ አታስገባው። ማሽኑ በሚመጣበት ጠዋት ቀድተህ፣ ብርጭቆውን በሁለት መዳፍህ ይዘህ፣ ብርዱ እስኪለቀው ጠብቅ። ቆፋሪው ቀድሞ ከደረሰ ሞተሩን ያጥፋና ውጭ ይቆይ።

ከዚያ በኋላ የምትወስነውን፣ ምንም ይሁን ምን፣ ድምፄን ሳላነሣ እሰማሃለሁ። የዚያን ዕለት ፈረቃዬን ቀይሬያለሁ፤ ስልኩ አጠገብ ነኝ።

ልጅህ አልቢ