የእማማ አራባ ጡረታና ያልተከፈተው ጠርሙስ

ከልደታቸው አስቀድሞ ቂማቸው ይነበብ፤ ሟቿ ራሳቸው ለቀብራቸው ቀን እንዲህ ብለው ነው ያዘዙት። እናታችን ወይዘሮ ግሬስ አራባ ኦቶ በመንግሥት ሆስፒታል አዋላጅ ሆነው በተቀጠሩበት ጠዋት፣ አቶ ቢኒ የሚባሉ መድኃኒት ቀማሚም አብረዋቸው ተቀጠሩ። ደንቡ ለሁለቱም ተነበበላቸው። አቶ ቢኒ ቢያገቡ፣ ደግመው ቢያገቡ፣ ሥራቸውም ጡረታቸውም እንዳለ ነው። እማማ አራባ ግን ያገቡ ዕለት ከሥራ ይሰናበታሉ፤ ጡረታውም ቀረ ማለት ነው። ሃምሳ ዓመት እስኪሞላሽ ወይ ባል ወይ ጡረታ ምረጪ ተባሉ።

«እኔ ሁለቱንም ነው የምፈልገው» አሉ ከቢሮው ሲወጡ። አቶ ቢኒ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁባቸው።

አሁን ወደ ልደታቸው። እማማ አራባ ከአባታቸው ከዓሣ አጥማጁ ከኮፊ ኤሲልፊና ከእናታቸው ከኤፉዋ ማንሳ፣ ኤልሚና ከተማ፣ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1904 ተወለዱ። ቀኑ ማክሰኞ ነበርና፣ ማክሰኞ የተወለደች ሴት በአገራችን እንደምትጠራው፣ አራባ ተባሉ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍል ጨርሰው፣ አክራ ላይ የአዋላጅነት ሙያ ተምረው፣ በ1930 ሴኮንዲ ወደብ ተመደቡ። ጡረታውን የሙጥኝ ያሉት በከንቱ አልነበረም። እናታቸው ዓሣ ሲያጨሱ ኖረው ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በስተርጅና ከወንድም ቤት ወደ ወንድም ቤት ሲንከራተቱ አይተዋል። «እኔ ሳረጅ የሰው እጅ አላይም» ይሉ ነበር።

ክዋሚና ኦቶ የመጡት በ1932 ነው። የወደብ ጀልባ የሚሠሩ አናጢ ነበሩ። ችኩል ሰው በመሆናቸው ሽማግሌዎቻቸው ለጋብቻ የእማማ አራባን አጎት ደጅ ሲያንኳኩ፣ እንደ ልማዱ የሚሰጠውን ጂን የተባለ አረቄ፣ የማንኳኪያውንና የመጨረሻውን ጠርሙስ፣ በአንድ ቀን ይዘው ከች አሉ። የማንኳኪያው ወዲያው ተጠጣ። ሁለተኛው ግን፣ ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ሲጠጣው ሴቲቱን ሚስት የሚያደርጋት ጠርሙስ፣ እንደታሸገ አጎት ሳጥን ውስጥ ገባ። «እኔ እስክል ማንም እንዳይነካው» አሉ እማማ አራባ። ክዋሚናም እሁድ እሁድ እየመጡ፣ በረንዳው ላይ ሰው ሁሉ እያያቸው፣ በቅጠል ተጠቅልሎ የተቀቀለ የበቆሎ ሊጥ፣ ኬንኬያቸውን፣ በተጠበሰ ዓሣ በልተው ይሄዱ ጀመር።

ይህ መች ተደብቆ ይቀራል። አንዱ ወሬ አቀባይ ለነርሶቹ አለቃ ለእንግሊዛዊቷ ሚስ ፔትሪ ነገረ።

«ባል አለሽ ይሉኛል፣ አራባ።»

«ደጃችን ተንኳኩቷል፣ እመቤት። ግን አልተከፈተም።»

ሚስ ፔትሪ ግራ ቢገባቸው አቶ ቢኒን አስጠሩ። «እውነቷን ነው። ሁለተኛው ጠርሙስ እስካልተጠጣ ድረስ በእኛ ዘንድ ገና ልጃገረድ ናት» አሉ ቢኒ። ሚስ ፔትሪ ባርኔጣቸውን አድርገው አጎት ቤት ድረስ ሄዱ። ጠርሙሱን ወደ ፀሐይ አንስተው፣ ክዳኑን አገላብጠው አዩና «ያላገባች» ብለው ጻፉ።

ትልቁ አደጋ የመጣው ግን ከመንግሥት ሳይሆን ከቤት ነው። በ1941 የአጎታቸው ወዳጅ ሞተው ለለቅሶው መጠጥ አለቀ። አጎት ሳጥናቸውን ከፍተው፣ በተሰበሰበው ቤተ ዘመድ መካከል ያንን ጠርሙስ ይዘው ቆሙ። ቢጠጣ እማማ አራባ ሳያስቡት ሚስት፣ በማግስቱም ሥራ ፈት ሊሆኑ ነው። ወሬው ሆስፒታል ሲደርስ፣ ያዋለዱትን ሕፃን ለእናቱ አስታቅፈው፣ ሽርጣቸውን ሳይፈቱ በገበያው መሃል ሮጡ። ሲደርሱ መክፈቻው ቡሹ ላይ ተተክሏል።

«ኧረ ልጄ፣ አንድ ጠርሙስ ጂን እኮ ነው» አሉ አጎት።

«ጂን አይደለም ጋሼ፤ ጡረታዬ ነው» ብለው መንጭቀው ወሰዱት። ከዚያ ወዲያ ጠርሙሱ ከእማማ አራባ አልጋ ሥር ኖረ።

በ1947 ደግሞ የክዋሚና ታላቅ እህት ኤኩዋ በረንዳው ላይ ወጥተው «ወንድሜን ሽበት አስወረርሽው። አክሲም ከተማ አንዲት ልጅ አግኝተንለታል» አሉ።

«አምጧት» አሉ እማማ አራባ፤ «እኔው አዋልዳታለሁ።»

ክዋሚና ኬንኬያቸውን እየፈቱ ሳቁ። «እኔ ያንኳኳሁት አንድ ደጅ ነው» አሉ፤ የአክሲሟም ነገር በዚያው ቀረ። እማማ አራባ ቀና ብለው አላዩዋቸውም፤ ዓሣውን ግን በእጃቸው ፈልፍለው ሰጧቸው። የመውለጃ ዘመናቸውም እንዲሁ አለፈ። የከተማውን ልጅ ሁሉ እያዋለዱ የራሳቸውን አላቀፉም፤ ይህን የሚክስ ጡረታ የለም።

ሃምሳ የሞላቸው ዕለት ሰኞ ዋለ። ጠዋት የማዋለጃ ክፍሉን ቁልፍ አስረክበው የጡረታ ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ቄሱ «ሰኞ ማን ይዳራል? እስከ ቅዳሜ ምን አለበት?» ቢሏቸው «እኔ መጠበቅ ጨርሻለሁ» አሉ። ቤተ ዘመድ ተሰብስቦ ጠርሙሱ ተከፈተ። ከቀትር በፊት፣ ነጭ የአዋላጅ ልብሳቸውን እንደለበሱ፣ በሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ቀለበት አደረጉ። ከሁሉ አብልጠው የጨፈሩት እትዬ ኤኩዋ ናቸው። በዚያው ደንብ ሳያገቡ የቀሩት ሚስ ፔትሪም ብርጭቆ ዘርግተው «ከዚህ ጂን ለእኔም ይገባኛል፤ አብሬ ጠብቄዋለሁ» አሉ።

ክዋሚና በ1970 ቀደሟቸው። እማማ አራባ በደም ግፊት ታመው ኦገስት 9 ቀን 1981 በሰባ ሰባት ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው ወር ድረስ ጡረታቸውን በእግራቸው ሄደው፣ «ወይዘሮ ኦቶ» ብለው ፈርመው ተቀብለዋል፤ የማንንም እጅ አላዩም። ያሳደጓት የእህታቸው ልጅ ኤሲና ልጆቿ፣ በእጃቸው የተወለደውም የሴኮንዲ ሰው ሁሉ በሐዘን ሸኝቷቸዋል።

ጋሽ ክዋሚና እዚያ አሥራ አንድ ዓመት ቆመው ጠብቀዋቸዋል፤ መጠበቁን ድሮም ያውቁበታል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ተቀብሎ ከእሳቸው ጎን ያስቀምጥልን።