ጌታው በንስሐ በርጩማ ላይ

ይድረስ ለውድ ወንድሜ ለኒኒያን፤

ከባሕሩ ማዶ እንዴት ከርመሃል? ሚስትህስ፣ እኔ ያላየኋት ትንሿ ልጅህስ ደህና ናቸው? የዳንዚግ ብርድ ደረትህን አልመታህም? እኛ በሕይወት አለን። አጃው ገብቷል፣ ማገዶም አላጣንም፣ ቤቱም አልተቃጠለም። ዘንድሮ ይህን ለማለት የታደለ ጎረቤት ጥቂት ነው።

ስለ መንጎ እንድጽፍልህ ጠይቀኸኝ ነበር። ታላቅ ወንድማችን ለንጉሡ ተዋግቶ ተሸንፎ ከተመለሰ ወዲህ ጫማውን አውልቆ ተኝቶ አያውቅም። ቆሞ ይበላል፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር መስኮቱ ላይ ነው። ከንጉሡ ጠላቶች ጋር የቆመችው ቤተ ክርስቲያን፣ ሦስት እሑድ ማቅ ለብሶ በሕዝብ ፊት ንስሐ ካልገባ ታወግዘዋለች፤ የተወገዘ ጌታ ደግሞ ርስቱን ያጣል። የንጉሡ ሰዎችም በዚያው ሰሞን "ሰዎችህን ይዘህ ተመለስ" የሚል መልእክተኛ ሰደዱበት። መልእክተኛው አንጥረኛው ቤት ተደብቆ መልስ ይጠብቅ ነበር። መንጎ የቱን እንደሚመርጥ ራሱም አያውቅም፤ ፈረሱ ግን ሁልጊዜ እንደተጫነ ነው።

በመጀመሪያው እሑድ ማቁን ለብሶ ሄደ። አያታችን ለሰካራሞችና ለአመንዝሮች ያሠራው በርጩማ ትዝ ይልሃል? መንጎ ሲቀመጥበት ጉልበቱ አገጩ ጋ ደረሰ። ችግሩ የመጣው ግን ከዚያ በፊት ነው። ገና በሩን ሲያልፍ ሕዝቡ ሁሉ እንደ ልማዱ ብድግ አለ፤ ወንዶቹም ቆባቸውን አወለቁ። ሳትነሳ የቀረችው የመንጎ የጡት እናት ኤልስፔት ብቻ ናት። ልጇ ፊንሌይ ከመንጎ ጋር ዘምቶ እዚያው እንደቀረ ጽፌልህ ነበር።

ቄሱ ተቆጡ። "ይሄ ንስሐ ነው ወይስ ሠርግ? አይቆጠርለትም፤ እንደገና ይጀምራል" አሉ።

መንጎም ሳምንቱን ሙሉ በየገበሬው ቤት እየዞረ እንዳይነሱለት ሲለምን ሰነበተ። ሽማግሌው ቶርሞድ "ጌታዬ፣ እኔስ እሺ ባልኩ፤ እምቢ የሚለው ጉልበቴ ነው። በሌላው ቀን ደግፈው የሚያነሱት ጉልበት፣ እርስዎን ሲያይ ብቻውን ብድግ ይላል" አለው። መንጎ "እንግዲያው ሚስትህ ትቀመጥበት" ብሎ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ። ኤልስፔት ጋ ግን ደጇ ድረስ ሄዶ ሳያንኳኳ ተመለሰ። "እሷ እንደሆነች አትነሳልኝም" አለኝ።

በሁለተኛው እሑድ ማንም አልተነሳም። እኔም ወንበሬን በሁለት እጄ ጨብጬ ተቀመጥኩ። መንጎ በዚያ ጸጥታ መሃል አልፎ በርጩማው ላይ ሲቀመጥ ኤልስፔት ተነሳች። ቄሱ እንድትቀመጥ ቢያዟት "ለክብሩ አይደለም የተነሳሁት። ዝቅ ብሎብኝ ነው፤ ፊቱን ልየው" አለቻቸው። ከዚያ ወደ እሱ ዞራ "ቀና በል፣ መንጎ" አለችው። ቀና አለ። ስብከቱ እስኪያልቅ ቆማ አየችው፤ እሱም ዓይኑን ከእሷ አልነቀለም።

ማቁን ሳያወልቅ በቀጥታ አንጥረኛው ቤት ሄደ። መልእክተኛው ስንት ሰው እንደሚያመጣ ቢጠይቀው "ከዚህ ሸለቆ የሚሄድ ሰው የለም። እኔም እሑድ ቀጠሮ አለብኝ" ብሎ አሰናበተው።

መርከብ ላይ ቦታ ልያዝለት ያልከውን ተወው፤ የሚመጣ አይመስለኝም። ነገ ንጉሡ ቢያሸንፍ ይህ መልሱ ምን እንደሚያመጣበት አላውቅም፤ እሱም አያውቅም። ዛሬ ፈረሱን ኮርቻውን አስፈትቶታል። ጫማውን ግን ገና አላወለቀም፤ ይህን ስጽፍ እንኳ ከራሴ በላይ ወለሉን ሲመላለስበት ይሰማኛል።

ለሚስትህ ሰላምታዬን አድርስልኝ፤ ትንሿን ሳምልኝ። ቶርሞድና ሚስቱ ሰላም ብለውሃል። ኤልስፔት "ደረቱን ይሸፍን" ብላሃለች። መንጎም ሰላም ብሎሃል፤ ሲልህ ግን አልተቀመጠም።

እህትህ ግሪዝል
ግሌንኦራ፣ ኅዳር 1645