ተንጠልጥሎ ያደረ ማረሻ

እንድሪስ፣

ሱብሂ ሰግጄ ሐርቡ ወርጃለሁ። አልቀሰቀስኩህም፤ ድምፅህን መስማት አልፈለግኩም።

ትራክተሩ ማረሻ አላነሳ ያለው ፖምፓው ሞቶ አይደለም። የሃይድሮሊኩ ዘይት ሙሉ ነው። ፊልትሮውንም አጥቤ መልሼዋለሁ። ባዶውን ያነሳል፤ ማረሻው ሲታሰርበት ግን እየተንቀጠቀጠ ይወርዳል። የፒስተኑ ጎሚኒ፣ ዘይቱን የሚያግደው ጎማ፣ ተበልቷል ማለት ነው። አዲሱ ጎሚኒ መስኮቱ ላይ አለልህ። ከመፍታትህ በፊት ማረሻውን መሬት አሳርፈው፤ እጅህ ላይ እንዲወርድ አልመኝም።

ጎሚኒውን ምን እንደበላው ታውቃለህ። ማታ ማታ ማረሻውን አንጠልጥለህ፣ ሞተር አጥፍተህ ትገባለህ፤ ክብደቱ ሌሊቱን ጎሚኒው ላይ ያድራል። አውርደው ብዬ ስንቴ ነገርኩህ።

ትናንት ግን ልናርስ በሄድንበት በሐጃ ከሪማ ማሳ ላይ፣ ድንጋይ ሊለቅም የመጣው ደቦ ሁሉ እየሰማ፣ «ወላሂ አብዱልባሲጥ ነው ያበላሸው» አልክ። ዝም ያልኩት ጥፋተኛ ሆኜ አይደለም። በአንተ ወላሂ ላይ ሌላ ወላሂ መጨመር ፈርቼ ነው። ሐጃ ግን ዝምታዬን እንደ ማመን ቆጥረው፣ ሳያናግሩኝ ገቡ።

ዝናቡ አይጠብቃቸውም። ዛሬ ከሐርቡ በሬ ለምኜ አርስላቸዋለሁ።

ትራክተሩ ከተሠራ ወደ ሐጃ ማሳ ይዘኸው ና። እኔን አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ፣ እንዳትለኝ። የማልከው ማሳው ላይ ነው፤ እዚያው ቁመህ እውነቱን ለእሳቸው ንገራቸው።

አብዱልባሲጥ