ጓሳ በተከፈተ ሰሞን ለተማሪዋ የነገርሻት

አስካለ ሆይ፣

ከመንዝ እስከ መርሐቤቴ ብትፈልጊ፣ በስድስት ወር ፊደል ለይቶ በሰባተኛው ወር ደብዳቤ የጻፈ እንደ ባልሽ እንደ ደምሴ ያለ ወንድ አታገኚም። እሺ፣ መርሐቤቴን ልተወው፤ እዚያ ማን ምን እንደሚችል አላውቅም። ስድስት ወሩም ቢሆን ሲቆጠር ዓመት ከመንፈቅ ይሞላል። ደብዳቤውን ግን የጻፍኩት እኔው ነኝ። ምስክር ካስፈለገ ጣቴ ላይ ያለውን የእስክሪብቶ ቀለም እዪ።

«ለጤናሽ እንደምን አለሽ» ብዬ እንዳልጀምር ያለሽበትን አውቃለሁ። ከተለያየን ሦስተኛው ክረምት ሊወጣ ነው። ምች ነው ብለን በዳማ ከሴ ስናሽሽ፣ በስምንተኛው ቀን ጥለሽኝ ሄድሽ። አርባሽንም ሙት ዓመትሽንም አውጥቻለሁ። ስለ ድግሱ ብዙ ማውራት አምሮኝ ነበር፤ ሰው የመጣው ግን ላንቺ ብሎ ነውና በሱ አልኮራም።

ቤቱ ደኅና ነው። ልጃችን ዓለሚቱ ባሏ አገር ራቤል ሆና ተገላገለች፤ ሴት ናት። አፍንጫዋ ያንቺ፣ ጩኸቷ የኔ ነው ይላሉ። ጥቁሯ በግ መንታ ጣለች። እንዝርትሽ ከመደቡ በላይ ግድግዳው ላይ እንደተሰካ ነው፤ የጀመርሽው የበግ ጠጉር እንደተጠመጠመበት አለ፤ ማንም እንዳይነካው ብያለሁ። ክዳኑንም አልለወጥኩም። ከራሴ በላይ ያለው ሣር ያኔ ለዓመታት ተከልሎ የቆየው የጋራ ሣራችን ጓሳ ለአጨዳ ሲከፈት ያጨድኩት ነው። ክረምቱን ሙሉ አንጋጥጬ ሳየው ከርሜ፣ ልጽፍልሽ የተነሣሁት ስለዚያ ሰሞን ነው።

ትዕግሥትን አትረሻትም። ከዩኒቨርሲቲ የመጣችው ቀጭን ልጅ፣ ሁለት ሹራብ ደርባ የኛ ብርድ የሚያንዘፈዝፋት። «የመመረቂያ ጥናቴ ነው፤ የገጠር ሰው ከሬዲዮ ምን ይማራል፣ የሰማውንስ እውነት ነው ብሎ የሚቀበለው በምን ነው፣ ይህንን ነው የምጠይቀው» አለችን። ከቀበሌ ደብዳቤ አጽፋ ነበር የመጣችው። ሁለት መጠይቅ አወጣች፤ አንዱ ለኔ፣ አንዱ ላንቺ።

እኔ መደቡ ላይ ተደላድዬ ተቀመጥኩና መለስኩ። ሬዲዮ ቀን ከሌት እሰማለሁ አልኳት። ዜናው ሳይነገር የማውቅበትም ቀን አለ አልኳት። ማንበብ ይችላሉ ወይ ስትለኝ «እንደ ውኃ!» አልኳት። አንቺን ያን ጊዜ ሳል ይዞሽ ነበር ወይስ ሳቅ፣ እስካሁን አልለየሁትም። በደርግ ጊዜ መሠረተ ትምህርት ሲታወጅ በጎቹን አስታክኬ ከጓሮ ጓሮ ስሸሽ የደበቅሽኝ አንቺ አልነበርሽም?

ያንቺ ተራ ሲደርስ ተማሪዋ ወደ አንቺ ዞረች። እኔ ቀደም አልኩ፤ «የሷንም እኔ ያልኩትን ጻፊው፤ በዚህ ቤት ሬዲዮውም አንድ፣ አፉም አንድ ነው» አልኳት። አንቺ እንዝርትሽን እያሾርሽ ነበር፤ ቀና አላልሽም። ልጅቱ አንቺን አየችሽ፣ እኔን አየችኝ፣ «እሺ አባባ» ብላ ጻፈች።

ባገራችን ነውር አልነበረም። አባወራው እያለ ሴት ለእንግዳ አትመልስም። ጎረቤቶቻችንም ሁሉ እንደኔው ናቸው፤ የየሚስታቸውን መጠይቅ ራሳቸው አስሞሉ። ልጅቱ ግን ብልጥ ነበረች። አልተከራከረችንም። መሐል ሜዳ ከተማ ቤት ተከራይታ ሦስት ሳምንት ተቀመጠች። ለካ የምትጠብቀው ጓሳን ነው! ጓሳ ለሣር ተከፈተ ሲባል የመንዝ ወንድ ማጭዱን ይዞ ይወጣል፣ ቤት የሚቀረው ሴት፣ አቅመ ደካማና ውሻ ነው። ይህንን ማን እንደነገራት እንጃ፤ አንዷ ሴት መሆን አለባት።

እኔም ሁለት ቀን እዚያው እያደርኩ አጨድኩ። ስመለስ እሳት ዳር አስቀመጥሽኝ፣ እግሬን አጠብሽኝ። እኔ ስለ አጨዳዬ ሳወራ አመሸሁ፤ ማንን በስንት ሸክም እንደበለጥኩት። አንቺ በሁለቱ ቀን ውስጥ ምን ዋልሽ ብዬ አልጠየቅኩሽም። አንቺም እንዝርትሽን አንሥተሽ መፍተል ያዝሽ።

በዓመቱ አለፍሽ።

ትዕግሥት ተመልሳ የመጣችው ሙት ዓመትሽን ካወጣሁ በኋላ ነው። የተጠረዘ ጥናቷን ደረቷ ላይ አቅፋ ከደጃፍ «እማማ አስካለ አሉ?» አለች። ማን ይንገራት? ግድግዳው ላይ እንዝርቱን ስታይ ገባት። እዚያው የበሩ መድረክ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሲወጣላት ጥናቱን በሁለት እጇ ሰጠችኝ፤ «እናንተ ጓሳ በወጣችሁበት ሁለት ቀን ሴቶቹን ብቻቸውን ጠይቄያቸው ነበር» አለችኝ። «ምን ብላሽ ነበር?» ብላት፣ «አባባ፣ ስማቸውን አልጽፍም፣ ያሉኝንም ለማንም አላወራም ብዬ ቃል ገብቼላቸዋለሁ። ግን እዚህ ውስጥ አሉ። ማንበብ ይችሉ የለ? ራስዎ ያግኟቸው» ብላኝ ሄደች። እንደ ውኃ ያልኩት እኔ፣ የት አባቴ ልግባ?

መጀመሪያ ጥናቱን ይዤ ወደ ዲያቆኑ ሮጥኩ። ዲያቆኑ ጉሮሮውን ጠርጎ አንድ ቃል ሊያወጣ ሲል ከእጁ ነጠቅኩት። እኔ በሌለሁበት ለሴት ልጅ የነገርሽውን በሌላ ወንድ አፍ ልሰማው? እንቢ አልኩ። በማግስቱ የማታ ትምህርት ተመዘገብኩ።

ይህንን ልናዘዝ። የማታ ትምህርቱ የተከፈተው ገና አንቺ ሳለሽ ነው። «እኔስ ብመዘገብ?» ብለሽኝ ነበር፤ ድምፅሽን ዝቅ አድርገሽ፣ እሳቱን እያራገብሽ። እኔ ቤት ውስጥ አልመለስኩልሽም። ቀልድ መጥታልኝ ስለነበር ለብዙ ሰው ቆጠብኳት። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ላይ ዋንጫዬን አንሥቼ፣ «አስካለ ልትማር ነው አሉ! ተምራ ለማን ልትጽፍ ነው? ለበጎቹ?» አልኩ። ሰንበቴው ሁሉ ፈነዳ። አንቺም በነጠላሽ አፍሽን ሸፍነሽ ሳቅሽ። እኔ መሳቅሽን ብቻ አየሁ። ከዚያ ወዲያ አንድም ቀን አላነሣሽውም።

እና የመጀመሪያዋ ማታ ክፍል ስገባ ምን እንደጠበቀኝ ታውቂያለሽ? የልጆች አግዳሚ ላይ ስቀመጥ ጉልበቴ አገጬን ነካው። ከኋላዬ ያሉት ሴቶች ተንሾካሾኩና አንዷ፣ «አያ ደምሴ፣ ለማን ልትጽፍ ነው? ለበጎቹ?» አለችኝ። እኔም አንገቴን ደፍቼ «ሀ»ን መጻፍ ጀመርኩ።

ያም ሆኖ ከክፍሉ አንደኛ ወጣሁ። ወንዶቹ አራት ብቻ ነበርን፤ አንዱ ዓይኑን ያመዋል፣ አንዱ ማሳው ሩቅ ነው ብሎ ቀረ፤ ሴቶቹን አትቁጠሪያቸው፤ እነሱን ስትጨምሪ ሰባተኛ ነኝ።

ጥናቱን በጣቴ እየሄድኩ አነበብኩት። መጀመሪያው ከባድ ነው። «ጽንሰ ሐሳብ» የሚል ቃል በየገጹ አለ። ለወጣቱ መምህራችን «ይህ ሐሳብ መቼ ነው የሚወለደው?» ብለው፣ ልጁ እንባው እስኪመጣ ሳቀና፣ «አያ ደምሴ፣ ፈላስፎቹም የሚጠብቁት እሱን ነው» አለኝ። አንድ ገጽ በአንድ ሳምንት፣ አንዳንዱን በሁለት።

መጀመሪያ ያገኘሁት ራሴን ነው። መላሽ ቁጥር ዐሥራ ሦስት፤ ወንድ፤ ገበሬ፤ ማንበብ የሚችል። ከሥሩ ተማሪዋ «ይህ መላሽ ስለ ሁሉም ነገር እርግጠኛ ነው» ብላ ጽፋለች። እንዳመሰገነችኝ ቆጥሬ አንድ ሳምንት ተኮፈስኩ።

ቀጥሎ ዐሥራ አራት ነው። ሴት፤ ባለትዳር፤ የበግ ጠጉር ትፈትላለች። መንዝ ውስጥ የማትፈትል ማን አለች? አንቺ መሆንሽን በዚህ አላወቅኩም። ያጋለጠሽ የሬዲዮ ድንጋዩ ነው። ሬዲዮ መቼ ይሰማሉ ስትልሽ እንዲህ ብለሻል፤ «ባለቤቴ ገበያ ሲሄድ ዝናብ እንዳይመታው ብሎ ቤት ይተወዋል። ማዞሪያውን እንዳትነኪ ይለኛል። እሱ ጋራውን ሲሻገር እከፍታለሁ። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ። እሱ ባለሱቁን ይሳደባል።»

አስካለ! እኔ በዚያ ድንጋይ ከመሐል ሜዳው ባለሱቅ ጋር ስንት ጊዜ ተናነቅኩ? የበሰበሰ ሸጥክልኝ እያልኩ በሰው ፊት አላዋረድኩትም? አንድ ቀን ድንጋዮቹን ካጥሩ ላይ ተደርድረው አይቼ ስጠይቅሽ፣ «እርጥበት እንዳይገባቸው ነው» አላልሽኝም? ቅዳሜ ሄጄ ሰውዬውን ይቅርታ ጠየቅኩት። «የዚያን ሁሉ ዓመት ስድብ ዛሬ? ምን አገኘህ?» አለኝ። ሚስቴን፣ አልኩት። ሰውዬው ያበድኩ መስሎት ሁለት ድንጋይ በነጻ ሰጠኝ።

ከዚያ ወዲያ ያለውን ገጽ በልቤ ነው የያዝኩት። ከሬዲዮው የትኛውን ይወዳሉ ስትልሽ፣ «የተማሪዎቹን ትምህርት። አስተማሪው ሲጠይቅ ከልጆቹ ቀድሜ እመልሳለሁ። የሚሰማኝ ስለሌለ አላፍርም» ብለሻል። አንድ ነገር እውነት መሆኑን በምን ያውቃሉ ለሚለው፣ እኔ «ሬዲዮ ካለው አለቀ» ነበር ያልኩት፣ ላንቺም ጭምር። አንቺ ግን፣ «ሬዲዮም ሲል እሰማለሁ፣ ጎረቤትም ሲል እሰማለሁ፤ እንዝርቴ እስኪሞላ አስብበትና ያኔ የመሰለኝን እይዛለሁ» አልሽ። ተማሪዋ ይህቺን መልስሽን ይዛ ሦስት ገጽ ጽፋባታለች። ትላልቆቹ ሊቃውንት የደከሙበትን ጥያቄ ይህች ሴት በአንድ እንዝርት መለሰችው ትላለች። እኔ ሠላሳ ዓመት ከጎንሽ ተቀምጬ የሰማሁት የእንዝርቱን ድምፅ ብቻ ነው።

ፊደል መማር ይፈልጋሉ ወይ ብላሻለች። «ፈልጌ ነበር። ባለቤቴ ቀልደኛ ነው፣ ቀለደበት። ተውኩት።» እዚህ ላይ መጽሐፉን ከድኜ በጎቹ ዘንድ ወጣሁ፤ ያን ቀን አላነበብኩም።

መጨረሻ ላይ ደግሞ የሰሙትን ከማን ጋር ይወያያሉ የሚል አለ። «ከባለቤቴ ጋር፤ እሱ እየቀለደ ያስረዳኛል» ብለሻል።

ትምህርቱን ስንጨርስ እያንዳንዳችን ቆመን አንድ ገጽ እንድናነብ ታዘዝን። የቀበሌው ሰዎች መጥተዋል፣ ሰንበቴውም በሙሉ መጥቷል። ሌላው ሁሉ ከመማሪያው አነበበ። እኔ ያንቺን ገጽ አነበብኩ። የማን እንደሆነ ሳልናገር ነው የጀመርኩት፤ እንዝርቱ ላይ ስደርስ ግን ሴቶቹ አወቁሽ። «በጎቹ» ያለችኝ ሴትዮ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ስጨርስ ተጨበጨበ። አስካለ፣ የተጨበጨበው ላንቺ ነው። በሰው ፊት ስትናገሪ የመጀመሪያሽ ነበር፤ አፉ ግን አሁንም የኔ ነው።

እንግዲህ እንዲህ ልበልሽ። የሬዲዮውን ማዞሪያ አሁን ማንም እንዲነካው ተፈቅዷል። የተማሪዎቹ ትምህርት ሲጀምር ካለሁበት እመጣለሁ፣ እንዝርትሽ ሥር እቀመጣለሁ፣ አስተማሪው ሲጠይቅ ጮክ ብዬ እመልሳለሁ፤ አብዛኛውን እሳሳታለሁ። ማታ የሰማሁትን ለእንዝርትሽ እነግረዋለሁ፤ ሳልቀልድ። የዓለሚቱ ልጅ አድጋ «እኔስ ብማር?» ያለች ቀን፣ አያቷ እንደማይስቅባት ባጥንትሽ እምላለሁ። ይህ ክዳን እስኪያፈስ፣ ካፈሰሰም በኋላ፣ እነዚያን ሁለት ቀናት አልረሳቸውም።

ባልሽ ደምሴ

ከፈረምኩ በኋላ ይህን የምጨምረው ረስቼው አይደለም፤ ፈርቼው ነው። ቅድም ካልኩሽ ውስጥ አንዱን አንቺ አላልሽውም። ከማን ጋር ይወያያሉ ለሚለው «ከባለቤቴ ጋር» ያልኩት ከራሴ ነው። ያን ዕለትም በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ጣቴን ቃሉ ላይ አድርጌ፣ እንደዚያው ብዬ አነበብኩት። ድሮ ማንበብ እችላለሁ ብዬ እዋሽ ነበር፤ ማንበብ በቻልኩ ማግስት ደግሞ ያነበብኩትን ዋሸሁ። ወረቀቱ ላይ ያለው አንዲት ቃል ናት፤ አራት ፊደል ብቻ፤ ከክፍሉ የመጨረሻው ተማሪ እንኳ አይስታትም።

«ከማን ጋር ይወያያሉ?» አለችሽ።

«ከማንም» አልሽ።