ለኬንጂ የተላከ ሽማግሌ

ሰኞ፣ ጥቅ. 4። ከጠዋቱ 4 ሰ.

የስልክ ሰሌዳው ጭር ብሏል። አዲስ አበባ የለ፣ ደብረ ታቦር የለ። ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ካንቺ ጋር ላውጋ፣ እሜቴ ደብተር። ቅዳሜ ኬንጂ ደግሞ ወደቀ። ደግሞ! ጎንደር ከገባ አንድም ቀን አልቀናውም። ጣልያኑ ሲኞር ማርቼሎ ከአስመራ ይዞት የመጣ ጃፓናዊ ትግለኛ ነው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲኒማ ቤቱ መድረክ ላይ ፍራሽ አንጥፈው ከአንድ ግሪክ ጋር ያጋጥሙታል። ግሪኩ ግንብ ያህላል። የኛው ደልደል ያለ፣ ዝምተኛ፣ ከመግጠሙ በፊት እጅ የሚነሣ ጨዋ። ከተማው አብዶለታል። አያ ኬንጂ ነው የሚሉት።

ሥራ ከመግባቴ በፊት አያ ካሳ ልብስ ስፌት ቤት ጎራ አልኩ። ከስልክ ቤታችን ሥር ነው፤ የደጋፊው ሸንጎ እዚያ ይቀመጣል። ክርክሩ ጦፏል። አያ ካሳ መርፌውን በከንፈሩ ይዞ፣ ሰውዬው በርበሬ አይቀምስም፣ ጉልበት ከየት ይምጣ ይላል። ለዚሁ ብሎ ከቆላ ድባ የሚመጣው እህል ነጋዴ፣ አያ ወርቁ፣ ቡዳ በልቶት ነው፣ ክታብ ይጻፍለት ባይ ነው። አንዱ ከጥግ ሆኖ፣ ለባላጋራው እጅ ነሥቶ የሚጀምር ሰው ምኑን ያሸንፋል ቢል ሁሉም ጮኸበት። እኔም ጮኽኩ። ጨዋነት ጥፋት ሆነ እንዴ? የፊታችን ቅዳሜ የኛ ነው አልኩ። ምላሴን ይቁረጠው።

ረቡዕ፣ ጥቅ. 6። 8 ሰ.

አሁን ነው ሲ/ር ማርቼሎን አስመራ ካለው ታላቅ ወንድሙ ጋር ያገናኘሁት። የትግሉ ሥራ ባለቤት ወንድምየው ነው። መስመሩ እንዳይቋረጥ አልፎ አልፎ ማዳመጥ አለብኝ፤ ጣልያንኛ ደግሞ በልጅነቴ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ቀርቷል፤ ምን ላድርግ። ሰማሁ። ኬንጂ የሚወድቀው ታዞ ነው። ታዞ! ማን እንደሚጥል ማን እንደሚወድቅ አስመራ ተቀምጠው ይቆርጣሉ። ወንድምየው እየሳቀ፣ ጎንደሬ የሚመጣው ልጁ ሲያሸንፍ ለማየት ነው፣ ስለዚህ አታሳየው አለው። ሌላም አለ። ሁለት ቅዳሜ ቀርቷል፤ ከዚያ ኬንጂ ከምጽዋ በመርከብ ወደ አገሩ ይሸኛል፤ ከእንግዲህ አያስፈልግም።

አንድ ቀን ሳያሸንፍ ሊሄድ ነው እኮ። ለማን ልንገር? በመስመር የሰማሁትን ላላወጣ መጽሐፍ መትቼ ምያለሁ። ቢታወቅብኝ ሥራዬ አለቀ።

ዓርብ፣ ጥቅ. 8። ማለዳ

አልቻልኩም። ትናንት ወደ ንስሐ አባቴ ወደ መምሬ ደምሴ ሄድኩ። ለንስሐ አባት የተነገረ ከዚያ ወዲያ አይወጣም። ሞኝነቴን ተመልከች፣ እሜቴ። መምሬ ደምሴ በዚህ ከተማ ካሉት የኬንጂ ደጋፊዎች ሁሉ የባሱት መሆናቸውን ረሳሁት! ሲኒማ ቤት አይገቡም፣ ክህነታቸው አይፈቅድም። ግን ቅዳሜ ወደ ማታው አያ ወርቁ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ድረስ ሄዶ፣ እያንዳንዱን አያያዝና አጣጣል በገዛ ሰውነቱ እያሳየ ይተርክላቸዋል። አንዳንዴም አንዱን ዲያቆን ወገቡን ይዞ።

ነገርኳቸው። የሰው ወሬ ማድመጥ ኃጢአት ነው ብለው ገሠጹኝ፣ ስግደት ሰጡኝ። ከዚያ ግራ ቀኝ አዩ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ለመሆኑ የዚህ ቅዳሜውስ? አሉኝ። ይወድቃል አባቴ፣ አልኩ። መስቀል ሳያሳልሙኝ ገቡ። እሳቸውም እንደኔ በምስጢሩ ታሰሩ። መሳቅም ማልቀስም አማረኝ።

እሑድ፣ ጥቅ. 10

ወደቀ። አስቀድሜ ማወቄ ምንም አልጠቀመኝ። ግሪኩን ወገቡን ይዞ ብድግ ሲያደርገው፣ ዛሬስ ብዬ ተነሥቼ ጮኽኩ። እኔ፣ የማውቀው! አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴትዮ ትከሻዋን ደበደብኩ። ከዚያ ጉልበቱ የከዳው መሰለ፤ ጀርባው ፍራሹን ነካ። ተነሣና ለግሪኩ እጅ ነሣ። ለእኛም ነሣ። አያ ወርቁ በጋቢው ጫፍ ዓይኑን ጠረገና ሁለተኛ አልመጣም አለ። ይመጣል። አውቀዋለሁ።

አንድ ቅዳሜ ቀረ። ተናድጃለሁ። በጣም።

ማክሰኞ፣ ጥቅ. 12፣ ሚካኤል። 9 ሰ.

ጉድ ስሚ። ከቅዳሴ መልስ መምሬ ደምሴ አያ ካሳ ቤት ብቅ አሉ። ከእኔ የሰሙትን አንዲት ቃል አላወጡም። አገልጋይ ሁልጊዜ የሚወድቅ ከሆነ የሚለመነው ጌታው ነው፣ ወደ ጣልያኑ ሽማግሌ እንላክ አሉ። ለትግል ሽማግሌ! ሰዉ ሳቀ። አያ ካሳ ግን መቀሱን አስቀመጠ። ሚስት ለመጠየቅ ይላካል፣ ደም ለማድረቅ ይላካል፣ ለዚህስ ምነው አይላክ አለ። አለቀ። ተነሡ። መምሬ ከነመስቀላቸው፣ አያ ወርቁ ከነጋቢው፣ አያ ካሳ ለአስተርጓሚነት። እኔ ለምሳ የወጣሁ መስዬ ከኋላ።

ሲ/ር ማርቼሎ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ነበር። ወንበር አቀረበ፤ አልተቀመጡም። ቢራ አስመጣ፤ አልነኩም። እሺ ሳይባል የሚቀመጥ ሽማግሌ የት አለ። መምሬ ይህን ብቻ አሉ፦

«ልጁን አንድ ቀን ይልቀቁልን።»

ጣልያኑ ሳቀ። እነሱ አልሳቁም። ማን ምን ነገራችሁ ቢል፣ የሚያበላው ሰው ያዝዘዋል ብለን ነው አሉ። ቆሙ። ፀሐይ ከረረች። እንደቆሙ ናቸው። መንገደኛው ተሰበሰበ፣ የሆቴሉ አሳላፊዎችም ሥራ ፈቱ። ጣልያኑ ፊቱ ቀላ፣ አንገቱን በመሐረብ ጠረገ፣ በመጨረሻ እጁን ዘረጋ። ወንድሜን እጠይቃለሁ፣ እስከ ቅዳሜ 10 ሰ. እምቢ ካላለኝ በራሴ ሥልጣን አደርገዋለሁ አለ። በመስቀሉ ላይ አስማሉት። ያኔ ተቀመጡ። ቢራው ሞቆ ነበር፤ ጠጡት።

ሐሙስ፣ ጥቅ. 14

ሊማሊሞ ላይ ምሰሶ ወድቆ የአስመራ መስመር ተቆርጧል! ሲ/ር ማርቼሎ እየተመላለሰ ይጠይቀኛል። የለም ሲኞር እለዋለሁ፤ እውነቴን ነው። ጠጋኞቹ በማኪና ወጥተዋል። በሥራዬ ቶሎ ይጠገን ማለት ነበረብኝ። አላልኩም።

ወሬው ከፀዳ እስከ አራዳ ሞልቷል። ትናንት ኬንጂ በገበያው ሲያልፍ ትልቅ ትንሹ እጅ ነሣው። እሱም ለእያንዳንዱ መልስ ሲሰጥ መንገዱን ሳይጨርስ መሸ። ግሪኩ ግን አኩርፏል ይላሉ። ለአስመራው ጌታ በአውቶቡስ ሰው መልእክት ልኳል አሉ።

ቅዳሜ፣ ጥቅ. 16። 9፡30

ተረኛዋ እኔ ነኝ። ከዓመቱ ቅዳሜዎች ሁሉ ዛሬ! መስኮቱን ከፍቻለሁ፤ ሲኒማ ቤቱ ማዶ ነው፣ ሰዉ በሩ ላይ ይጋፋል። እንኳን ወንዱ፣ ነጠላዋን የለበሰች ሁሉ ወጥታለች።

አስመራ ደወለ። ተጠግኗል። ወንድምየው ነው፤ መልእክቱ ደርሶታል። ሲኒማ ቤቱን ቶሎ አገናኚኝ፣ ወንድሜ ካልተገኘም አንቺው ንገሪልኝ፣ ጃፓኑ ይወድቃል ብሎ ጮኸብኝ።

ስፒናው፣ የመስመሩ መሰኪያ፣ እጄ ላይ ነው። የሲኒማ ቤቱ ቀዳዳ ፊቴ ነው።

አልሰካም። ወሰንኩ። ሲኒማ ቤቱ አይመልስም ሲኞር አልኩና ዘጋሁበት።

10፡25

ጫጫታ። ጭብጨባ። ከዚያ ጸጥ። ጸጥታው ረዘመ፤ እኔም መተንፈስ ተውኩ። ከዚያ አንድ ጩኸት፣ መስኮቱ ነዘረ። አያ ወርቁ ባዶ ራሱን፣ ጋቢው ከኋላው እየተጎተተ፣ ጣለው ጣለው እያለ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ይሮጣል። እልል አልኩ፣ ብቻዬን፣ ሰሌዳው ፊት።

አስመራ እንደገና ደወለ። አነሣሁ። ጩኸቱ በመስኮት ገብቶ በመስመሩ አልፎ ደርሶታል፤ ያ ምንድን ነው አለኝ።

«ኬንጂ ጣለው፣ ሲኞር።»

ቀዝቀዝ ባለ ድምፅ፣ አንቺ ማን ነሽ አለ። በዚህ ሥራ ስም አይነገርም። ጥሩወርቅ መርሻ አልኩት። እንዳይሳሳት ብዬም ፊደል በፊደል ደገምኩለት።